መልእክቱ የት ላይ ቆመ? በላፕቶፕ ላይ የሚያጋጥሙ የኢሜይል ፕሮግራም ችግሮችና የአፈታታቸው ሥርዓት

በደብረ ታቦር ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ለሕዝባዊ ንግግር የማይመጥን፣ ለጥገና ክፍል ሊተው የሚገባው ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ፣ ከጥናታዊ መጽሔት አዘጋጆች የሚመጣ የማሻሻያ ጥያቄ፣ ከአማካሪ መምህር የሚላክ የመመረቂያ ጽሑፍ አስተያየት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬ የሚጓዙት በኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ሲቆም የሚቆመው ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ያለው የሰው ጉዳይ ጭምር ነው።

አንድ አስቸጋሪ ልማድም አለ። የኢሜይል ፕሮግራም አልሠራ ሲል በየጥገና ቤቱ በቀዳሚነት ከሚሰነዘሩ መፍትሔዎች አንዱ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ፎርማት ማድረግ ግን ሕመሙን ሳይመረምሩ በሽተኛውን መቅበር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ የደብዳቤ ልውውጥ በዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከነበረ ዳግመኛ አይገኝም። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ምንም ነገር ከማጥፋታችን በፊት መልእክቱ የት ላይ እንደ ቆመ እንጠይቅ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ስለ መልእክት መቆም ለመናገር ይህ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። መናገሻቸው ደብረ ታቦር የነበረችው ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስል ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን እጅ ላኩ። ደብዳቤው በተከታዩ ዓመት ለንደን ደረሰ፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ መልስ ሳይሰጠው ቆየ። ዝምታውም ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን ለእስር ከዳረጉት፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ዘመቻ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ታሪኩን ያነሣሁት የፖለቲካ ጥናት ለማቅረብ ሳይሆን አንድ ቁም ነገር ስለሚያስገነዝበን ነው። ላኪው ዘንድ ያለው ዝምታ ብቻ ነው፤ ዝምታው ግን ሦስት የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። ደብዳቤው ከእጃችን አልወጣ ይሆናል፤ ወጥቶ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ደርሶም ሳይነበብ ወይም ሳይመለስ ተቀምጦ ይሆናል። በኢሜይልም ቢሆን ጥያቄዎቹ እነዚሁ ናቸው። ወጥቷል ወይ? ደርሷል ወይ? ተነቧል ወይ? የመፍትሔው መንገድ ለእያንዳንዱ የተለያየ ስለ ሆነ ሦስቱን መለየት የሥራው ግማሽ ነው።

መልእክት እንዴት ይጓዛል?

በላፕቶፓችን ላይ ያለው ፕሮግራም፣ አውትሉክም ይሁን ተንደርበርድ፣ መልእክቱን ራሱ ለተቀባዩ አያደርስም። መልእክቱን ለእኛ ሰርቨር ያስረክባል፤ የእኛ ሰርቨር ለተቀባዩ ሰርቨር ያስተላልፋል፤ የተቀባዩ ፕሮግራም ደግሞ ከራሱ ሰርቨር ያነብባል። ለመላክ የሚያገለግለው ሥርዓት ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ይባላል። ለመቀበል ሁለት ሥርዓቶች አሉ። አይማፕ የሚባለው መልእክቱን ሰርቨር ላይ ትቶ በላፕቶፑ ላይ ግልባጩን ያሳየናል። ፖፕ የሚባለው ቀደምት ሥርዓት ግን በመሠረቱ መልእክቱን ወደ ላፕቶፑ አውርዶ ከሰርቨሩ ለማንሣት የታሰበ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር እንረዳለን፦ የመላኪያውና የመቀበያው በር የተለያየ ነው። መቀበል እየቻልን መላክ ቢያቅተን የተበላሸው የመላኪያው ቅንብር እንጂ «ኢሜይሉ» በጠቅላላው አይደለም።

ሥርዓቱ ከመነሻው የተቀረጸው እየተጠባበቀ እንዲሠራ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኢሜይል ተጠቃሚዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል በፊዶኔት መረብ አማካይነት የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶች ይጠራቀማሉ፤ ስልክ ሲደወል በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ በኩል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ይህ የመጠባበቅ ባሕርይ ዛሬም ይጠቅመናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ብዙዎች «የተላከልን ሁሉ ጠፋ» ብለው ሰግተው ነበር። የመልእክት ሳጥናቸው ከአካባቢው ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ የነበረ ሰዎች ግን መልእክታቸው እዚያው ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሰርቨሩ ራሱ ግንኙነቱ በተቋረጠበት ግቢ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይለያል። የላኪው ሰርቨር ደጋግሞ ይሞክራል፤ በኢንተርኔት ደንቦች ምክር መሠረት ሙከራው ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን ሊቆይ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መልእክቱን «አልደረሰም» ብሎ ለላኪው ይመልሳል። ስለዚህ ተቋማት ሰርቨራቸውን የት እንደሚያስቀምጡ ሲወስኑ ከአምስት ቀን የሚያልፍ መቋረጥን ከግምት ማስገባት ይኖርባቸዋል።

መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ተመልከቱ

ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የመጀመሪያው ምርመራ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ በላፕቶፑ ጥግ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ማየት ነው።

ፕሮግራሙ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ ማንነቱን በዲጂታል የምስክር ወረቀት ያረጋግጣል። ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ጀምሮ በይፋ የሚታመኑ አዳዲስ የምስክር ወረቀቶች ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አሁን አንድ ሰው የላፕቶፑን የቀን መቁጠሪያ በአገራችን ዓመተ ምሕረት ሞላው እንበል። ኮምፒውተሩ ያንን ቁጥር የሚያነበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእርሱ ዓይን የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ የምስክር ወረቀት ገና አልጀመረም። ፕሮግራሙም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ እምቢ ይላል። ተጠቃሚው መረቡን ይከስሳል፤ ጥፋቱ ግን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

ሆን ብሎ ማንም ባይነካውም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በብዙ ቆየት ያሉ ላፕቶፖች ውስጥ የሰዓቱን ቆጠራ የምትጠብቅ ትንሽ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች። እርሷ ስታልቅ፣ ዋናው ባትሪም ደክሞ መብራት ሲጠፋ፣ ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር ወደ ጥንት ቀን ይመለሳል። ቀኑን በእጅ አስተካክሎ፣ ቀጥሎ በኢንተርኔት ራሱን እንዲያስተካክል ማዘዝ ችግሩን ለጊዜው ይፈታዋል፤ ዘላቂው መፍትሔ ትንሿን ባትሪ መለወጥ ነው።

የሰዓቱም ጉዳይ አለ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት በኮምፒውተሩ ዘንድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ላፕቶፑን በአገር ቤት ሰዓት የሞላ ሰው መልእክቱ ከስድስት ሰዓት በፊት የተላከ ይመስላል፤ በተቀባዩም ሳጥን ውስጥ ከአዳዲሶቹ በታች ሊቀበር ይችላል። የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ሊሆን ይገባል።

ለአመልካቾች አንድ ስሌት ልጨምር። ማመልከቻው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት 23:59 ላይ ይዘጋል ከተባለ በእኛ አነጋገር በዚያው ሌሊት 8:59 ነው ማለት ነው። አንዳንድ የጥናት ጉባኤዎች ደግሞ ቀኑ በምድር ላይ በመጨረሻ የሚያበቃበትን ቦታ ይከተላሉ፤ እንዲያ ሲሆን 23:59 በእኛ ዘንድ በማግሥቱ ከቀኑ 8:59 ይሆናል። ሁለቱም «8:59» ናቸው፤ በመካከላቸው ግን አሥራ ሁለት ሰዓት አለ።

«የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም»

ሁለተኛው የተለመደ ቅሬታ ይህ ነው፦ የይለፍ ቃሉ በብራውዘር ያስገባል፤ በፕሮግራሙ ግን አይሠራም። ተጠቃሚው ደጋግሞ ይለውጠዋል፤ ለውጥ የለም።

ምክንያቱ የሕግ ለውጥ ነው። ታላላቅ አገልግሎት ሰጪዎች ተራ የይለፍ ቃልን ብቻ ይዘው የሚመጡ ፕሮግራሞችን ማስተናገድ አቁመዋል። ጉግል ለግል ተጠቃሚዎች ይህን የከለከለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 መጨረሻ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለተቋማት ከጥቅምት 2022፣ ለግል የአውትሉክ ተጠቃሚዎች ደግሞ ከመስከረም 2024 ጀምሮ ዘግቶታል። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ መለያውን ከፕሮግራሙ አስወግዶ፣ ፕሮግራሙን አዘምኖ፣ የአገልግሎት ሰጪው የመግቢያ ገጽ በሚከፈትበት መንገድ እንደገና ማስገባት ነው። ከማስወገዳችሁ በፊት ግን መለያው በአይማፕ ወይስ በፖፕ እንደ ተቀናበረ አረጋግጡ፤ በፖፕ ከሆነ አስቀድሞ ግልባጭ ይወሰድ። ፕሮግራሙ አርጅቶ አዲሱን መንገድ ካላወቀ ጂሜይል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበሩ ሰዎች ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል ባለ 16 ፊደል የይለፍ ቃል ይሰጣል።

ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው «ሜይል» የተባለው ፕሮግራምም ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ስለ ተቋረጠ በእርሱ ላይ የሚደረግ ጥገና ድካም ብቻ ነው።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የማረጋገጫ ቁጥሩን በስልክ መልእክት ብቻ የምትቀበሉ ከሆነ ሲም ካርዱ የጠፋ ዕለት ከሳጥናችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። አገልግሎቱ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። በስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ቁጥር የምታወጡ ደግሞ ቁጥሩ በየ30 ሰከንዱ በሰዓት ስሌት ስለሚለወጥ የስልኩ ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

የማይወጣ መልእክት

«ላክ» የሚለውን ተጫንን ማለት ተላከ ማለት አይደለም። መልእክቱ «አውትቦክስ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ካለ ገና ከቤት አልወጣም። ላፕቶፑን ዘግተን ብንሄድ እዚያው ያድራል። «ሴንት» በሚለው ማኅደር ውስጥ ሲታይ ግን ለሰርቨሩ ተረክቧል።

ለመውጣት ከሚከለክሉት ምክንያቶች አንዱ የአባሪ ፋይል ክብደት ነው። ኢሜይል በጥንቱ ሥርዓቱ ፊደል እንጂ ፋይል እንዲያጓጉዝ አልተፈጠረም። ስለዚህ አባሪው ወደ ፊደላት ይለወጣል፤ ሦስት ባይት የነበረው አራት ይሆናል። 20 ሜጋ ባይት የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ በመንገድ ላይ ወደ 27 ሜጋ ባይት ይጠጋል፤ በ25 ሜጋ ባይት የተገደበ ሰርቨርም ይመልሰዋል። በደካማ መስመር ላይ ደግሞ መላኩ ግማሽ ላይ ሲቋረጥ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። መፍትሔው ምስሎችን ማሳነስ፣ ጽሑፉን በምዕራፍ መክፈል ወይም ፋይሉን በደመና ማከማቻ አስቀምጦ ማያያዣውን መላክ ነው።

ሌላው የመተላለፊያ በር ቁጥር ነው። የቀድሞው በር 25 አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል በብዙ መረቦች ላይ ለተራ ተጠቃሚ ዝግ ነው። የመላኪያ ቅንብሩ 587 ወይም 465፣ የአይማፕ መቀበያው ደግሞ 993 መሆኑን ተመልከቱ። የተበላሸ ወይም ጊዜው ያለፈበት ጸረ ቫይረስም በመካከል ገብቶ ግንኙነቱን ሊያፍን ይችላል።

አንድ አሳሳች ሁኔታም አለ። መልእክቱ ወጥቶ ግልባጩን በ«ሴንት» ማኅደር ለማስቀመጥ ሲሞከር መስመሩ ይቋረጣል፤ ፕሮግራሙም ስሕተት እንዳለ ያሳውቃል። ማስታወቂያውን ያላነበበ ሰው ያንኑ ደብዳቤ አራትና አምስት ጊዜ ይልካል። የስሕተቱን ቃል ማንበብ፣ እንግሊዝኛው ቢከብድም በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት፣ ከማንኛውም ጥገና ይቀድማል።

የማይገባ መልእክት

መልእክት አልገባም ሲባል መጀመሪያ በብራውዘር ሳጥኑን ክፈቱ። መልእክቱ እዚያ ካለ ችግሩ የላፕቶፑ ነው። እዚያም ከሌለ ፕሮግራሙን መነካካት ጥቅም የለውም።

በብራውዘር ሲታይ ሦስት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛው የስፓም ማኅደር ነው። ሁለተኛው የቦታ መሙላት ነው፤ ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ባይት ለኢሜይል፣ ለፋይል ማከማቻና ለፎቶ በጋራ ነው፤ ከስልክ የሚጫኑ ቪዲዮዎች ሲሞሉት አዲስ ደብዳቤ መግባት ያቆማል። «ሳጥንዎ ስለ ሞላ የይለፍ ቃልዎን እዚህ ያስገቡ» የሚል ደብዳቤ ግን የአጭበርባሪ ነው፤ መሙላቱን የምናረጋግጠው ራሳችን ገብተን እንጂ በተላከልን ማያያዣ አይደለም። ሦስተኛው እኛ ያላዘዝነው የማስተላለፊያ ደንብ ነው። መልእክቶችን ወደማናውቀው አድራሻ የሚልክ ደንብ ከተገኘ ሰርጎ ገብ አለ ማለት ነው፤ ደንቡን አጥፍቶ የይለፍ ቃሉን ወዲያው መለወጥ ይገባል።

ቢሮ ያለው ኮምፒውተር በፖፕ ተቀናብሮ መልእክቶቹን ሁሉ እያወረደ ከሰርቨሩ የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ባዶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ «ግልባጩን ሰርቨር ላይ ተው» የሚለውን ምርጫ ማብራት፣ ከተቻለም ሁለቱንም ወደ አይማፕ ማዛወር ይገባል።

ስለ ፊደላችን

በግእዝ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ በአራት ማእዘን ሳጥኖች ወይም ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተለውጦ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ምልክቶች የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው በተቀባዩ ላፕቶፕ ላይ የፊደሉ ቅርጽ ነው፤ እንደ ኒያላ ያለ የፊደል ቅርጽ ሲጫን ይፈታል። የላቲን ዝብርቅ ከታየ ግን ጽሑፉ የተተረጎመበት ኮድ ተለዋውጧል።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በዚያን ዘመን በኢሜይል የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን አማርኛውን በላቲን ፊደላት ለመወከል ሴራ የተባለ ሥርዓት እስከ መንደፍ ደርሰዋል። ዛሬ በየማኅደሩ ያሉ የቆዩ ሰነዶችን ስትልኩ ወደ ዩኒኮድ ለውጣችሁ፣ ካልተቻለም የፊደሉ ቅርጽ አብሮ በታሸገበት ፒ.ዲ.ኤፍ. አድርጋችሁ ላኩ።

መብራትና ማኅደር

በመጨረሻ ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቀጥታ በመብራት የሚሠራ ስለ ሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር በድንገት ይጠፋል። በክረምት ከጉና በኩል መብረቅና ዝናብ ሲመጣ ይህ በቀን ደጋግሞ ሊደርስ ይችላል። ፕሮግራሙ በማኅደሩ ላይ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ፋይሉ ይጎዳል፤ ሲከፈትም መልእክቶች የጠፉ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጉና የማኅደሩን ፋይል እንዳለ በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ቅዱ፤ ጥገናው የሚሠራው ግልባጩ ከተወሰደ በኋላ ብቻ ነው። በአውትሉክ ዘንድ ስካን ፒ.ኤስ.ቲ. የተባለ መጠገኛ አብሮ ይመጣል። በተንደርበርድ ዘንድ በማኅደሩ ባሕርያት ውስጥ «ማኅደሩን ጠግን» የሚል ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ደብዳቤዎቹ ሳይሆኑ የደብዳቤዎቹ ማውጫ ብቻ ስለ ሆነ ማውጫው እንደገና ሲሠራ «የጠፉት» ይመለሳሉ። ማኅደርን የማጠጋጋት ሥራ ግን መብራት በማያስተማምንበት ሰዓት አይጀመር።

ማጠቃለያ

ክቡራን ታዳሚዎች፣ የተናገርሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። የስሕተቱን ቃል አንብቡ። ሳጥኑን በብራውዘር ክፈቱና ችግሩ ከላፕቶፑ ወይስ ከሰርቨሩ እንደ ሆነ ለዩ። ከዚያ የመግቢያ መንገዱን፣ የአባሪውን ክብደት፣ የበሩን ቁጥር መርምሩ። ማኅደሩ ከተጎዳ ግልባጭ ውሰዱ፤ ከዚያ ጠግኑ። ማስወገድና ፎርማት ማድረግ የመጨረሻ ናቸው፤ ያውም መልእክቶቹ ሌላ ቦታ መኖራቸው ሲረጋገጥ።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ፕሮግራም አይጠገንም። መልእክቱ ወጥቶ፣ ደርሶ፣ ተነብቦም መልስ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። በዚህ አዳራሽ ያለን መምህራን ደብዳቤ የሚደርሰን ከእብናት፣ ከእስቴ፣ ከስማዳ መስመር ፈልገው ከሚጽፉ ተማሪዎች ጭምር ነው። ተማሪው ዝምታችንን ሲያይ መልእክቱ ጠፍቶ ይሁን ተዘንግቶ ሊያውቅ አይችልም። «ደርሶኛል፤ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» የሚል አንድ መስመር ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይመልሳል።

አሁን ጥያቄና አስተያየት ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።